ብቻዋን አትጋልብም፦ የእህቶቻችን ቡድን ማን ነው?



ስለ ሙስሊም ሴትና ስለ ስፖርት ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረው በሂጃብ ነው፤ የሚያልቀውም በሂጃብ ነው። አንዱ ወገን «ካላወለቀች አትገባም» ይላል። ሌላው «ከገባች ማውለቋ አይቀርም» ይላል። በመሐል ልጅቷን የጠየቃት የለም። ዛሬ ግን ከዚህ ክርክር አንድ እርምጃ አልፈን ስለ ሌላ ነገር እንነጋገር፤ ስለ ቡድን። ምሳሌ አድርገን የወሰድነው የሴቶች የጎዳና ብስክሌት ውድድርን ነው። ለምን ብስክሌት? ከሩቅ ሲያዩት የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ የሚመስል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ያለ ጀማዓ የማይሆን ስፖርት ስለሆነ ነው።

ውድድሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እናስረዳ። በብስክሌት ላይ ትልቁ ጠላት ንፋስ ነው። ከፊት የምትጋልበው ንፋሱን በደረቷ ትከፍላለች፤ ከኋላዋ ተጠግታ የምትከተላት ደግሞ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ልትቆጥብ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ቡድን ሲሰለፍ ሁሉም ለማሸነፍ አይጋልቡም። አንዷ መሪ ትሆናለች፤ ሌሎቹ ንፋስ ይሰብሩላታል። ወደ ቡድኑ መኪና ተመልሰው የውሃ ኮዳ በማልያቸው ውስጥ ሸክፈው ያመጣሉ። የመሪዋ ጎማ ሲፈነዳ የራሳቸውን ይሰጧታል። ወድቃ ከሆነ ቆመው ይጠብቋታል፤ ከዚያም እየጎተቱ ወደ ግሩፑ ይመልሷታል። መድረኩ ላይ አበባ የምትቀበለው አንዷ ናት። ከኋላዋ ግን ስማቸው የማይጠራ፣ መጨረሻ አካባቢ የሚገቡ፣ ደመወዛቸው ለሌላ ሰው ድል የሚከፈል ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ እያንዳንዱ ቡድን 7 ጋላቢዎችን አሰልፎ ነበር። አንዷ እንድታሸንፍ ስድስቱ ይሠራሉ ማለት ነው።

ቡድን ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያ የ2024ቱ ውድድር ራሱ አሳይቶናል። ያለፈው ዓመት አሸናፊ የነበረችው ሆላንዳዊቷ ዴሚ ቮለሪንግ ቢጫውን ማልያ ለብሳ በአምስተኛው ዙር፣ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ወደቀች። አብዛኞቹ የቡድን ጓደኞቿ አልቆሙላትም። እንዲያውም የዕለቱን ዙር ያሸነፈችው ከራሷ ቡድን የሆነች ሌላ ጋላቢ ነበረች። ኋላ ላይ ግርግር ነበር ተባለ። ቮለሪንግ በዚያ ቀን ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አጣች። ከዚያ በኋላ ያላትን ሁሉ አወጣች። የመጨረሻውን ቀን በአልፕ ዱዌዝ ተራራ ላይ አሸነፈች። ግን አልበቃም። ፖላንዳዊቷ ካታርዚና ኒየዊያዶማ በአጠቃላይ ውጤት በ4 ሰከንድ በልጣት ዋንጫውን ወሰደች። በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ፣ የወንዶቹንም ጨምሮ፣ ከዚህ የጠበበ ልዩነት ታይቶ አያውቅም። ከስምንት ዙር በኋላ 4 ሰከንድ! አንድ ሰው «ቢስሚላህ» ብሎ ውሃ እስኪጎነጭ ድረስ ያለች ጊዜ ናት። ቮለሪንግ ጉልበት አላነሳትም። ያነሳት የሚቆምላት ሰው ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 2021፣ ሆላንድ በሴቶች የጎዳና ውድድር አራት ጋላቢዎችን አሰለፈች። አራቱም በጊዜው ከዓለም ምርጦች የሚቆጠሩ ነበሩ። በኦሎምፒክ ግን ጋላቢዎች ከአሰልጣኞቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ አይፈቀድም። አና ኪዘንሆፈር የተባለች፣ የፕሮፌሽናል ቡድን ውል እንኳ ያልነበራት ኦስትሪያዊት የሒሳብ ምሁር ገና ከጅምሩ ወጥታ ሄደች። ሆላንዳውያኑ ከፊት የወጡትን አንድ በአንድ ሲለቅሙ «ሁሉንም ይዘናል» ብለው አሰቡ፤ እሷን ረሷት። አኔሚክ ቫን ፍሉተን መስመሩን ስታልፍ ወርቅ ያገኘች መስሏት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ወርቁ ግን ከአንድ ደቂቃ በፊት ተወስዶ ነበር።

«ታዲያ ኪዘንሆፈር ብቻዋን አሸንፋ የለ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ አሸንፋለች፤ ጀግንነቷም አይካድም። ነገር ግን እሷ ያሸነፈችው አራቱ ኃይለኞች እርስ በርስ ስላልተነጋገሩ ጭምር ነው። ሹራ የሌለው ጀማዓ በቁጥር ቢበዛም ከአንድ ሰው ሊያንስ ይችላል። ይህን እኛ ሙስሊሞች ከማንም በላይ ልናውቀው የሚገባን ነገር ነው።

አሁን ወደ ልባችን ጉዳይ እንምጣ። ከዚያ ውድድር ሦስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 28፣ እዚያው ቶኪዮ ውስጥ ጋላቢዎች አንድ በአንድ ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩበት፣ ክሮኖሜትር የሚባለው ውድድር ተካሄደ። ርቀቱ 22.1 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተወዳደሩት 25 ሴቶች መካከል አንዷ ሂጃቧን ከሄልሜቷ ስር አድርጋ የተሰለፈችው አፍጋኒስታናዊቷ ማሱማ አሊዛዳ ናት። የተወከለችው በስደተኞች ኦሎምፒክ ቡድን ስም ነበር። አሸናፊዋ ቫን ፍሉተን በ30 ደቂቃ ገደማ ጨረሰች። ማሱማ በ44 ደቂቃ ገባች፤ 25ኛ፣ የመጨረሻ።

የመጨረሻ መሆኗን ሳንሸፋፍን የጻፍነው በምክንያት ነው። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው «አሥራ አራት ደቂቃ ተበለጠች» ይላል። ያ አሥራ አራት ደቂቃ ግን በእግሯ ድካም ብቻ የመጣ አይደለም። ሌሎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክለብ፣ አሰልጣኝ፣ ሐኪም፣ መካኒክና መኪና ይከተላቸው ነበር። ማሱማ ብስክሌት የተማረችው ቤተሰቧ በኢራን በስደት ላይ እያለ ከአባቷ ነው። ወደ ካቡል ተመልሳ በብሔራዊ ቡድኑ ስትለማመድ በእሷና በጓደኞቿ ላይ ድንጋይ ይወረወር፣ ስድብ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቤተሰቧ ጋር ፈረንሳይ ገባች። ታሪኳን በቴሌቪዥን ያዩ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ነበሩ በር የከፈቱላቸው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ አንድ አባት፣ ጥቂት ጓደኞች፣ አንድ የማያውቋት ቤተሰብ። ቡድኗ ይኸው ነበር። ይህን ይዛ ኦሎምፒክ ደርሳ ውድድሩን ጨረሰች።

ሁለተኛው ታሪክ የእህትማማቾቹ የፋሪባና የዩልዱዝ ሃሺሚ ነው። ከሰሜን አፍጋኒስታን፣ ከፋርያብ ክፍለ ሀገር ናቸው። የመጀመሪያ ውድድራቸውን የተወዳደሩት ቤተሰብ እንዳያውቅ በሐሰት ስም ተመዝግበው፣ በሰፊ ልብስና በትልቅ መነጽር ተሸፍነው፣ ከጎረቤት በተዋሱት ብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡልን ሲይዝ የሴቶች ስፖርት በር ተዘጋ። እህትማማቾቹን ወደ ጣሊያን ለማውጣት የረዳቻቸው አሌሳንድራ ካፔሎቶ የተባለች የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ናት። በጥቅምት 2022 የዓለም ብስክሌት ማኅበር በተሰደዱበት አገር ውድድር አዘጋጀላቸው፤ የአፍጋኒስታን የሴቶች ሻምፒዮና በስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ ተካሄደ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ አፍጋናውያት ተሰለፉ። ፋሪባ አንደኛ ወጣች፤ ታላቅ እህቷ ዩልዱዝ ሁለተኛ። በ2024 ሁለቱም ለአገራቸው በፓሪስ ኦሎምፒክ ተሰለፉ።

እዚህ ላይ የሚቆረቁር ነገር አለ፤ ሳንደብቀው እንናገረው። ከዚያ ሻምፒዮና በኋላ ለእህትማማቾቹ ውል የሰጣቸው ፕሮፌሽናል ቡድን በስሙ ላይ የእስራኤልን ስም የተሸከመ ነበር። ይህን የሰማ ሙስሊም ሆዱ ይከፋዋል፤ የእኛም ይከፋል። ፍልስጤም ላይ የሚደርሰውን እያየን እንዴት አይከፋን! ነገር ግን ጣታችንን ወደ ሁለት ስደተኛ ልጆች ከመቀሰራችን በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። እነዚህ ልጆች በራቸውን ሲያንኳኩ ከእኛ ወገን ቀድሞ የከፈተ ማን ነበር? ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። በዓለም ትልቁ የሴቶች የብስክሌት ደረጃ ላይ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ስም ያለበት ቡድን ከ2022 ጀምሮ አለ፤ ከ2023 ጀምሮም በዚያው አገር የሴቶች ዙር ውድድር ይካሄዳል። ኤምሬታዊቷ ሳፊያ አል ሳየግ በዚያ ቡድን ውስጥ እጅና እግሯን በሸፈነ ልብስ እየጋለበች በፓሪስ ኦሎምፒክ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ የአገሯ ሴት ብስክሌተኛ ሆናለች። ማሻአላህ! ይህ የሚያሳየን ሲፈለግ እንደሚቻል ነው። ለአንዷ ከተቻለ ለሌሎቹ ያልተቻለው ምን ሆኖ ነው?

እህቶቻችንን ከሁለት አቅጣጫ የሚጎትቷቸው አሉ። በአንድ በኩል ታሊባን «ቤትሽ ተቀመጪ» አላቸው። በሌላ በኩል በመስከረም 2023 የፈረንሳይ የስፖርት ሚኒስትር የነበሩት አሜሊ ኡዴአ ካስቴራ በፓሪስ ኦሎምፒክ የፈረንሳይ ስፖርተኞች ሂጃብ እንደማይለብሱ አወጁ። አንዱ በዲን ስም፣ ሌላው በነጻነት ስም ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ውሳኔዋን ከእጇ ወሰዱ። ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ማሱማ ሂጃቧን አድርጋ ኦሎምፒክ ላይ የጋለበችው ለፈረንሳይ ሳይሆን ለስደተኞች ቡድን ስለተሰለፈች ነው። በ2024 ሕጉ ለፈረንሳይ የምትሰለፍ ሙስሊም እህት ላይ የዘጋው በር፣ አገር ለሌላት ስደተኛ ክፍት ነበር።

ደግሞ ይህ ሁሉ የሚባለው በየትኛው ስፖርት ላይ ነው? በብስክሌት ውድድር ሄልሜት ግዴታ ነው፤ የሁሉም ራስ ይሸፈናል። በአውሮፓ ብርድ ሁሉም ጋላቢዎች እጅጌያቸውን እስከ አንጓ፣ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ሸፍነው ሲወዳደሩ ማንም «ይህ ፖለቲካ ነው» አይልም። ለብርድ መሸፈን ከተፈቀደ ለአላህ ብሎ መሸፈን ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

በእኛ ቤትም የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ፤ መልስ ይገባቸዋል። የፕሮፌሽናል ልብስ ንፋስ እንዳይዝ ተብሎ የሚጠብቅ ነው፤ ይህ ከሸሪዓ አንጻር ጥያቄ ያስነሳል። ሰፋ ያለ ልብስ ደግሞ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጫፉም ሰንሰለት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ውድድሩ በአደባባይ ነው። ጉዞ አለው፤ የመሕረም ጉዳይ ይነሳል። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ፈትዋ የምንሰጥበትም ገጽ አይደለም። ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄ መኖሩ በር ለመዝጋት ምክንያት መሆን የለበትም። ጥያቄ ካለ መልስ ይፈለግለታል፤ ሁኔታው ይመቻቻል።

ለዚህ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት የበለጠ ማስረጃ ከየት እናመጣለን? በሐዲስ መዛግብት እንደሚታወቀው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በጉዞ ላይ እያሉ ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። መጀመሪያ እሷ ቀደመች። ከጊዜ በኋላ ደግሞ እሳቸው ቀደሟትና ይህች በዚያችኛዋ ምትክ ናት በማለት ቀለዱባት። ታሪኩን ሁላችንም እንወደዋለን፤ በሰርግም በደርስም ይነገራል። ብዙ ጊዜ የምንዘለው ግን አንድ ዝርዝር አለ። ከመሽቀዳደማቸው በፊት አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ወደፊት ቀድመው እንዲሄዱ አዘዋል። ይህን አስተውሉ! «ሰው ስላለ አትሩጪ» አላሏትም። መንገዱን አጸዱላት፤ ክብሯም ተጠበቀ፣ ሩጫውም ተሮጠ። ቡድን ማለት ይህ ነው። ንፋሱን መስበር ማለት ይህ ነው።

ታዲያ በአገራችን እኛ ምን እናድርግ? ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በመቀሌ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ሰው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ይጋልብበታል። በአዲስ አበባም ከኮሪደር ልማቱ ጋር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ከትግራይ የወጣችው እየሩ ገብሩ በፓሪስ ኦሎምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር የተሰለፈችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው፤ የዚያ ቡድን መሪ ሆና ወደ ፓሪስ የሄደችው ደግሞ ያቺው በቶኪዮ መጨረሻ የገባችው ማሱማ አሊዛዳ ናት። ትናንት ድንጋይ የተወረወረባት ሙስሊም ልጅ ዛሬ ለእኛ አገር ልጅ ንፋስ የምትሰብር ሆነች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። መድረኩ ወደ ሰፈራችን እየቀረበ ነው። እኛ ግን ልጆቻችን የሚጋልቡበትን ሁኔታ አላዘጋጀንም።

ሁሉም ልጅ ኦሎምፒክ ይግባ አንልም። ጤናዋን ለመጠበቅ፣ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ለመድረስ፣ ለታክሲ የምታወጣውን ለመቆጠብ ብቻ ብትጋልብም ይበቃል። ለዚህም ግን ቡድን ያስፈልጋታል።

አባቶች ሆይ! የማሱማ የመጀመሪያ አሰልጣኝ አባቷ ነበር። ልጅህ ጠዋት ከፈጅር በኋላ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት መለማመድ ብትፈልግ አብረሃት ውጣ። አንተ ከኋላዋ ካለህ የሚሰድባት አፍ ይዘጋል።

ወንድሞች ሆይ! አንዲት ሂጃብ የለበሰች እህት ብስክሌት ላይ ሆና ፎቶዋ ሲለጠፍ ከስሩ የምንጽፈውን አንድ ጊዜ መለስ ብለን እናንብበው። በካቡል የተወረወረው ድንጋይ ነበር፤ እኛ የምንወረውረው ቃል ነው። ስለ ልብሷ የምትመክራት ነገር ካለህ በአደብ፣ በግል፣ ወይም በእህትህ በኩል ይሁን። ነሲሓና ማዋረድ አንድ አይደሉም።

ነጋዴዎቻችንና ልብስ ሰፊዎቻችን ሆይ! ያለ መርፌ ቁልፍ የሚጠልቅ፣ ላብ የሚያስወጣ፣ ከሄልሜት ስር የማይቆለል ሂጃብ፤ ከላይ ሰፋ ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚሰበሰብ ሱሪ መስፋት ለእናንተ ከባድ አይደለም። ይህን ያህል የልብስ ሥራ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ለልጆቹ ልብስ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

ዑለማዎቻችንና ኡስታዞቻችን ሆይ! «አይሆንም» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃል። «በዚህ በዚህ መስፈርት ይሆናል» ለማለት ግን ልብሱን ማየት፣ የልምምዱን ሰዓትና ቦታ ማወቅ፣ እህቶችን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይፈልጋል። ጊዜያችሁን ስጡን። በየመስጂዱና በየመድረሳው ያላችሁ እህቶች ኡስታዛዎችም በዚህ ሹራ ውስጥ ቦታችሁ ከፊት ይሁን፤ ጉዳዩ የእናንተ ነውና።

በአረብ አገርና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ሆይ! መስጂድ ለማሠራት እጃችሁ እንደማያጥር እናውቃለን፤ አላህ ይቀበላችሁ። ከዚያ ጎን አንድ ሄልሜት፣ አንድ ያገለገለ ብስክሌት፣ ለአንዲት ሴት አሰልጣኝ የሚሆን የወር ደመወዝ አስቡ። በዚህ ኒያ የተሰጠ ነገር ትንሽ አይባልም።

አላህ በመልካም ነገርና እሱን በመፍራት እንድንተጋገዝ አዞናል። ትእዛዙ «ተጋገዙ» ነው እንጂ «ተቆጣጠሩ» ብቻ አይደለም። ዳር ቆሞ ሰዓት የሚይዝ ተመልካች በየመንገዱ ሞልቷል። የወደቀችውን ለማንሳት ብስክሌቱን የሚያቆም ግን ጥቂት ነው። ቮለሪንግን ዋንጫ ያሳጣት ያ የጥቂት ሰዎች አለመቆም ነው፤ እሷ ያጣችው ዋንጫ ብቻ ነው። የእኛ ልጆች ብንተዋቸው የሚያጡት ከዋንጫ በላይ ነው። በአንድ በኩል ሂጃባቸውን፣ በሌላ በኩል ሕልማቸውን እንዲመርጡ ይገደዳሉ። አንዱን ለማትረፍ ሌላውን የጣለች እህት ደግሞ በማን ላይ ቅሬታ እንደምትይዝ መገመት አያቅትም፤ በእኛ ላይ ነው።

ሂጃቧን ከነሕልሟ ይዛ እንድትጋልብ ከፈለግን ንፋሱን የምንሰብረው እኛ ነን። አላህ እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም የሚጠቅም ወገን ያድርገን። አሚን።

ሐሳባችሁን በአደብ አካፍሉን። በተለይ እህቶች፣ በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው ቃል የእናንተ ይሁን። ለአባቶችና ለወንድሞች አድርሱልን።